ደወሉን የጠበቀው ባቡር ነጂ

ብርቅዬ ባቡር የሚባል ነገር የሰለቻት ገና ባገባች በዓመቷ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ያገባችው ባቡር ነጂ ነበር። ዳኜ በድሮው ምድር ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቶ ጡረታ ቢወጣም፣ ሰበታ የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ከባቡር ወሬ ሌላ አይወራም።

ያን ማለዳ ግን ወሬ የሚሰለቅበት ጊዜ አልነበረም። ለሃያ ስድስት ዓመት የዳኜ ረዳት የነበረው ዲኖ ድሬዳዋ ታሞ ተኝቷል። ልጁ ሳሊሃ ማታ ደውላ፣ «ጋሽ ዳኜ፣ አባቴ እርስዎን ሳላይ እንዳልሞት እያለ ነው፤ እባክዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ» ብላ ነበር። ዳኜ ስልኩን እንደዘጋ ተነስቶ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረ። እሱ ባቡር ሳያነሳ ሲያመሽ ነገሩ ከባድ እንደሆነ ብርቅዬ ታውቃለች።

ሚኒባስ ላይ ሲወጡ ግን አፉ ተከፈተ። «ሀዲዱ የሚነሳው ከደጃችን፤ እኛ ግን ባቡር ለመሳፈር ፉሪ ድረስ በታክሲ» እያለ መንገዱን ሙሉ አማረረ። ብርቅዬ ሻንጣዎቹን ጉልበቷ ላይ አቅፋ በመስኮት ታያለች። ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ፉሪ ጣቢያ ሲደርሱ ባቡሩ ቆሟል። ብርቅዬ ሁለቱንም ሻንጣ ጎትታ ገባችና ወንበር ያዘች። ዳኜ የለም። በመስኮት ብታይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የዚህን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር የፊት መንኮራኩር ጎንበስ ብሎ እየመረመረ ነው፤ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ይመስላል። ጥበቃው ያደታ ጠጋ አለው።

«ኦቦ፣ ይግቡ እንጂ። ሊሄድ ነው።»

«ደወሉ መች ተደወለና?» አለ ዳኜ፣ ቀናም ሳይል።

በእሱ ዘመን የጣቢያው ሹም ወጥቶ ደወሉን ሦስት ጊዜ ሳይደውል ባቡር አይነቃነቅም። ይህን ሕግ ለሠላሳ አንድ ዓመት አክብሯል፤ ዛሬም አከበረ። ብርቅዬ መስታወቱን በመዳፏ ደበደበች። ዳኜ እጁን አንስቶ «ቆይ» አላት። በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩም ያለ አንዳች ድምፅ ተንሸራቶ ሄደ። ባሏ እጁን እንዳነሳ ወደ ኋላ ቀረ።

ስልኳ ወዲያው ጮኸ። «ደወል የለም እኮ፣ ብርቄ።»

«ስንቱን መንገደኛ ጥለህ ስትሄድ ኖረህ፣ ዛሬ አንተን የሚጠብቅህ መሰለህ? ቀጣዩ ከነገ ወዲያ ነው። አዳማ ላይ ልውረድ?»

«አይሆንም» አለ። «አንዳችን እንኳ እንድረስለት። እኔ ነገ ማለዳ በአውቶቡስ እነሳለሁ።»

ብርቅዬ መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ዋለች። አዳማ ስትደርስ የዘንድሮውን ጥፋቱን ጨርሳ፣ አዋሽ ላይ የሠርጋቸው ዕለት ያደረገው ላይ ደርሳ ነበር።

አመሻሹ ላይ ድሬዳዋ ደርሳ ዲኖ አልጋ አጠገብ ስትቆም፣ ሰውየው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ በሩን አየ። «ብቻሽን ነሽ?»

ልትዋሽ አሰበችና አልቻለችም። የሆነውን ስትነግረው ዲኖ ሳል እስኪያጣድፈው ሳቀ። «እኔም ብሆን ደወሉን እጠብቅ ነበር። አትቆጪው፤ ነገ ይመጣል፣ እጠብቀዋለሁ።»

ብርቅዬ የባሰ ተናደደች። አንዱን አቃጠለኝ ስትል ሁለት ሆኑባት።

ዲኖ ሲነጋጋ አረፈ። ዳኜ ከአውቶቡስ ውስጥ በየሰዓቱ ይደውላል። «እንዴት አደረ? ንገሪው፣ አዋሽን አልፌያለሁ።» ብርቅዬ በማያውቀው ሰው መሀል ተቀምጦ እንዲያለቅስ አልፈለገችም። «ቶሎ ና» ብቻ ትለዋለች።

ከሰዓት በኋላ ከባጃጅ ሲወርድ፣ ጀናዛው፣ የዲኖ አስከሬን፣ ከግቢው እየወጣ ነበር። ዳኜ አየና ቆመ። ወንዶቹ ቃሬዛውን በትከሻ እየተቀባበሉ፣ እየተጣደፉ ወደ መቃብሩ አቀኑ። ብርቅዬ ከትናንት ጀምሮ ያጠራቀመችው ንግግር ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ቦርሳውን ከእጁ ተቀበለችው።

«ሂድ» አለችው። «ትከሻህን ስጠው። እነዚህም አይጠብቁህም።»