በዛወርቅ ቢጫውን ወረቀት ስትወስድ

የማንኪራ የቡናና የማር ማኅበር አመራሩን የሚመርጠው በየአራት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላ ግን የግማሾቹ ወንበር ለውድድር ይቀርባል፤ ከዚያም አስቀድሞ አባላቱ ከቡናውም ከማሩም ክፍል ሁለት ሁለት ዕጩ ይለያሉ። ይህን የዕጩ መለያ ምርጫ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነበር። «ዋናው ሲደርስ እንመጣለን» ይላል ሁሉም። ዋናው ሲደርስ ታዲያ የሚመረጠው ሰው ከታወቀ ሰንብቷል።

ደንቡ ቡናም ማርም ላለው አባል ሁለት ወረቀት አይሰጥም። ወይ የቡናውን አረንጓዴ፣ ወይ የማሩን ቢጫ ይውሰድ ነው የሚለው። ሰዉ አረንጓዴውን እየወሰደ ስለሚሄድ ቢጫው ጦም ያድራል። ከስድሳው የማር አባላት ሠላሳ አንዱ ካልመጡ ደግሞ ነባሮቹ ይቀጥላሉ። ባለፈው ጊዜ የመጡት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። የማር ክፍሉ ወንበሮች ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሰው ሳይቀይሩ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዛወርቅ የቦንጋ ልጅ ናት። አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ማንኪራ የገባችው ገብረሚካኤልን አግብታ ሲሆን ከመጣች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ የታወቀ የቡና ሰው ነው፤ እሷም የራሷ ስምንት ቀፎ አላት። ዘንድሮ ገብረሚካኤል በቡናው ክፍል ሊወዳደር ስሙን አስመዝግቧል።

አንድ ከሰዓት ሩሀማ የምትባል ወጣት ንብ አርቢ ወደ ቤቷ መጣች። ለማር ክፍሉ የቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ዕጩ ናት።

«ዛፍ የማትወጣ ሴት ከመቼ ወዲህ ነው የማር ሰው የሆነችው እያሉ ይስቁብኛል፣ እትዬ በዛወርቅ» አለች። «ቀፎዎቼ እንደ ሌላው ዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ስለሆኑ ነው። እኔ ግን ድምፅዎን ልለምን አልመጣሁም። ሠላሳ አንድ ሰው ካልመጣ ቢመርጡኝም ባይመርጡኝም ያው ነው። ሰው እንዲመጣ ያግዙኝ።»

በዛወርቅ ሌሊቱን ስታስብበት አደረችና ጠዋት ለባሏ ነገረችው።

«ቢጫውን ልወስድ ነው።»

ገብረሚካኤል ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና አለ። «እኔ እኮ አረንጓዴው ላይ ነኝ፣ በዛ! ሰው ምን ይላል? ሚስቱ እንኳ አልመረጠችውም አይሉም?»

«ይላሉ። አንተን ግን ሰው ያውቅሃል። ያቺ ልጅ መራጭ ጠፍቶ ሳትቆጠር ልትቀር ነው። እኔም ስምንት ቀፎ ይዤ ስለ ማር አንድ ቀን ድምፄን ሰጥቼ አላውቅም።»

የጫማውን ማሰሪያ ጎትቶ አጥብቆ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አይነጋገሩም ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ቡናም ማርም ያላቸውን ቤቶች እየለየች ሦስት ሳምንት ዞረች። «ለማን እንደምትሰጡ አትንገሩኝ። ኑ ብቻ» ትላቸው ነበር። ከወንዙ ማዶ የምትኖረው ሶሲ ግን አመነታች።

«ባሌ አረንጓዴውን ውሰጂ ብሎኛል።»

«ቀፎው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲህ አንቺው አስቢበት» ብላት ሄደች።

የምርጫው ዕለት ከንጋቱ ጀምሮ ዝናቡ ያወርደው ነበር። በዛወርቅ ምርጫው የሚካሄድበት ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ደረሰች። የምርጫ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ወልደ ማርያም ናቸው። ከኋላዋ የባሏ ወዳጆች ተሰልፈዋል።

«የትኛውን ልስጥሽ?» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም።

«ቢጫውን።»

ከኋላዋ የተሰለፉት እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መጋረጃው ገባች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሳ ብትጠይቅ ቢጫ የወሰዱት ሃያ አምስት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከማዶ ናቸው፤ የእንጨት ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል።

«ሳጥኑን ወደ ወንዙ እንውሰደው፣ ጋሼ።»

«ሳጥን ከቦታው አይነቃነቅም፣ ልጄ። እስከ አሥር ሰዓት ለደረሰ ሰው ግን በሩ ክፍት ነው።»

በዛወርቅ በጭቃው እየተንሸራተተች ቁልቁል ወረደች። ወንዙ ዳር ስትደርስ ባሏን አገኘችው። እሱም የራሱን መራጮች ፍለጋ ወርዶ ኖሯል። ከዚህኛውና ከማዶው ዳር ዛፍ ላይ ጠፍር አስሮ፣ ውሃው ወገቡ ድረስ እየመታው ሰው ያሻግራል።

«እዚያ ጫፍ ላይ ቁሚና ተቀበዪኝ» አላት፣ ተኳርፈው እንደሰነበቱ የረሳ ይመስል።

አሥራ አራት ሰው አሻገሩ። ገብረሚካኤል የሁሉንም እጅ እኩል አጥብቆ ይይዛል። የሶሲ ተራ ሲደርስ መሀል ወንዝ ላይ፣

«ቢጫ ነሽ አረንጓዴ?» አላት።

«አያገባህም! እጄን እንዳትለቀው ብቻ!» ብትለው ከወዲያም ከወዲህም ሳቅ ሆነ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ጭቃ የተለወሱት አሥራ አራቱ ትምህርት ቤቱ ደረሱ። አሥሩ ቢጫውን፣ አራቱ አረንጓዴውን ወሰዱ። ሶሲ ቢጫውን ወሰደች።

ጋሽ ወልደ ማርያም ቆጠራውን በሁሉም ፊት አነበቡ። በማሩ ሠላሳ አምስት ሰው መርጧል፤ ሩሀማ ሁለተኛ ወጥታ አልፋለች። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በቡናው ግን ገብረሚካኤል ሦስተኛ ሆነ። በሁለት ድምፅ ወደቀ።

በዛወርቅ አንገቷን ደፋች። አንደኛው ድምፅ የእሷ ሊሆን ይችል ነበር።

ከኋላ አንዱ፣ «ሚስትህ ናት የጣለችህ!» ብሎ ጮኸ።

ገብረሚካኤል ዞር አለ። ሱሪው ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሚስቴ አልጣለችኝም» አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው። «አሥራ አንድ ሰው ይመጣበት የነበረውን ምርጫ ሚስቴ ሠላሳ አምስት አደረሰችው። አንተ ስንት ሰው አመጣህ?»

ከማዶ የመጡት ሴቶች እልል አሉ። አንገቷን ደፍታ የነበረችው በዛወርቅ ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ በሠርጋቸው ዕለት እንኳ እንዲህ አልኮራችበትም።

ሲመሽ ዝናቡ አባርቶ በጫካው መንገድ ጎን ለጎን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና እወዳደራለሁ» አላት። «ያኔ ለእኔም ቤት ለቤት ትዞሪያለሽ።»

«እንዲመጡ እዞራለሁ። ለማን እንደሚሰጡ ግን ትንፍሽ አልልም።»

«ለእኔ ብለሽም?»

«ለአንተ ብዬም።»

ገብረሚካኤል ሳቁን መቆጣጠር አቃተውና የመንገዱን ዳር ዛፍ ተደግፎ ቆመ። እሷም ክንዱን ይዛ፣ ሳቁ እስኪያልቅለት ጠበቀችው።