ተረኛ ያልሆነችበት ምሽት

አዋላጇ ዕድሜዋን ሙሉ የሌሊት ተረኛ ነበረች። የሰው ልጅ ሁሉ ተማክሮ ሌሊት የሚወለድ ይመስል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋዋኗን ለብሳ ትገባለች፤ ሲነጋ ዓይኗን እያሸች ትወጣለች። ከራሷ በላይ የምታውቀው ነገር ቢኖር የማዋለጃ ክፍሉን አምፖል ነው። ታዲያ ጡረታ በወጣች ሰሞን ባሏ አናጢው፣ "ዛሬ አዛዡ እኔ ነኝ፣ ተነሺ!" ብሎ ከከተማ ርቆ ኮረብታ ላይ ወዳለው የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ይዟት ሄደ።

ሲደርሱ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል። የጣቢያው ነጭ ጉልላት እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ኮረብታው አናት ላይ ቁጭ ብሏል። የጣቢያው ባለሙያ፣ ወፍራም ሹራብ የደረበች ወጣት ሴት፣ "በተራ ትገባላችሁ፤ እስከዚያ ዓይናችሁ ጨለማውን ይልመድ" ብላ ጎብኚዎቹን ሜዳው ላይ በተነቻቸው። ባልና ሚስቱ ብርድ ልብስ አንጥፈው በጀርባቸው ተንጋለሉ።

"ያቺ ማን ትባላለች?" አለች አዋላጇ፣ የመጀመሪያዋን ኮከብ እያየች።

"እኔ በምን አውቄ? ስለ ሳንቃ ብትጠይቂኝ ይሻልሻል።"

ሳቀች። አንዷ ኮከብ ሁለት፣ ሁለቱ አሥር ሆኑ፤ ከዚያማ ማን ይቆጥራቸዋል። ሰማዩ ዝቅ እያለ የመጣ፣ እሷም ከሣሩ ተነሥታ ቀስ ብላ የተንሳፈፈች መሰላት። ዓይኗን ጨፈን ብታደርግ ያ ስንት ዘመን የሸሻት እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

"ሲስተር!" ብሎ የጠራት ሰው ያለ መስሏት ብድግ አለች። ሜዳው ጭር ብሏል። የባሏ ኮት ላይዋ ላይ ተደርቧል፤ እሱ በሸሚዝ ብቻ አጠገቧ ኩርምት ብሏል።

"ማነው የጠራኝ?"

"ማንም አልጠራሽም። ተኚ።"

"ተራችንስ?"

"አለፈ።"

"አንተስ አየህ?"

"አንቺን ጥዬ? ምን ሆኜ!"

"ታዲያ አትቀሰቅሰኝም፣ አንተ ሰውዬ?"

"እንዲህ ስትተኚ አይቼሽ አላውቅም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በምን አንጀቴ ልቀስቅስሽ?"

 ኮቱን አንሥታ ትከሻው ላይ ጣለችበት።

ባለሙያዋ ከጉልላቱ በር ብቅ አለች። "እትዬ፣ ነቁ? ጋሼ እኮ ማንም ድምፁን እንዳያሰማ ብለው ሲቆጡን ነው ያመሹት። ኑ፣ አልዘጋሁትም።"

አዋላጇ ቴሌስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። "ጥቁር ነው።"

"ይታገሡ።"

"'ታገሺ' ባይዋ እኔ ነበርኩ! ዛሬ ደረሰብኝ" አለች። ጨለማው ውስጥ አንዲት ትንሽ ወርቅማ ኳስ፣ ቀለበቷን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እየተርገበገበች ብቅ አለች። ሳተርን ነበረች። አዋላጇ ትንፋሿን ዋጠች።

"ሥዕል ለጥፋችሁ እንዳይሆን ብቻ!"

ባሏም አየ። ደጋግሞ አየ። "ቀለበቱ የትም አልተያያዘም እኮ" አለ ተገርሞ። "ያለ ሚስማር፣ ያለ ማጣበቂያ!"

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ክንዱን ይዛ፣ ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል፣ እየተደናቀፈች ነው።

"ነገስ ምን ሥራ አለሽ?" አላት።

"ምንም" አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት፤ ቀስ ብላ ደገመችው። "ምንም።"