ቁፋሮው ሳይቋረጥ

እህቴ ባገኘችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበራት። «እዚያ ቤት ምን ቀረሽ?» ትለኛለች። እሷ ዘንድ ትርፍ ክፍል አለ፤ አልጋው ተነጥፎ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። የኔም መልስ ያው አንድ ነበር፤ «ማታ ስገባ ባሌ እንዴት ዋልሽ ይለኛል» እላታለሁ። «እሱም ተገኝቶ!» ብላ ትስቃለች። ትሳቅ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ሸሚዝ ሲተኩስ የዋለ ሰው፣ ደክሞት ቤቱ ሲገባ እንዴት ዋልሽ የሚለው ካላጣ ምን ጎደለበት እል ነበር።

የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው። ጠዋት የጀመረኝ የካውያ እንፋሎት ማታ ነው የሚለቀኝ፤ አመሻሹ ላይ እግሬ አብጦ ከጫማዬ አልወጣም ይላል። ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ እሱም ቤት ዋለ። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ ፍለጋ ያልረገጠው ደጅ የለም። ማታ ማታ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ ሳየው አንጀቴን ይበላው ነበር። ኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ሥራ አገኘ፤ ማዕድን ቆፋሪ ሆነ።

እውነተኛ ማዕድን እንዳይመስላችሁ። ከየአገሩ ሰው ተሰብስቦ በኢንተርኔት የሚጫወተው ጌም ነው። እዚያ ውስጥ ዓሣ የሚያጠምድ አለ፣ እንጨት የሚቆርጥ አለ፣ ዘንዶ የሚገድልም አለ። የኔው ጀግና ዘንዶውን ትቶ ቁፋሮ መረጠ። ዶማ ይዞ ድንጋይ ይመታል፤ በመታ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምለታል፤ ነጥቡ ሲሞላ ደረጃው ከፍ ይላል። መቶኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ካባ ይሸለማል አለኝ አንዴ፣ ፊቱ በርቶ። እኔ ደግሞ ለብርዱ የሚሆነው ካፖርት ከየት እንደማመጣለት እያሰብኩ ነበር።

እራት ሳቀርብ ዓይኑ ከስክሪኑ አይነሳም። ስለ ቤት ኪራዩ ላንሳ፣ ስለ እናቱ ላንሳ፣ ስለ ራሴ ላንሳ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ሶፋው ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። እንዲያም ሆኖ፣ በሩን ስከፍት «እንዴት ዋልሽ?» ማለትን አንድ ቀን ዘሎት አያውቅም። ያኔ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እጀምራለሁ። የባለሱቁን ግልምጫ፣ ያላጠፋሁትን አጠፋሽ ብላ የጮኸችብኝን ደንበኛ፣ ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ሁሉ እዘከዝክለታለሁ። እሱም «እህ» ይላል። ነገሩ ሲከር «አይ ሰው!» ይላል። ደግሞ ቦታውን አይስትም። ይሰማኛል ብዬ ነበራ።

አንድ ቀን እሱ ከዚያ ካልወጣ እኔ ልግባ አልኩ። የላውንደሪው ገንዘብ ተቀባይ ስልክ የምታውቅ ልጅ ናት፤ በምሳ ሰዓት ጌሙን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ስም አውጪ ሲለኝ «ካውያ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በላይ ምን ልናገር? ሚስቱ ልብስ ስትተኩስ የምትውል ሰው ካውያ የሚባል ቆፋሪ አጠገቡ ሲቆም ትንሽ እንኳ ይጠረጥራል አይደል? አልጠረጠረም።

የሚቆፍርበትን ቦታ ከጀርባው ቆሜ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ አላጣሁትም። ከገደል ሥር ሦስት የብረት ድንጋዮች አንዲት ቦታን ከብበዋል፤ እሱ መሃል ላይ ቆሟል። ጠጋ ብዬ አንዱን ድንጋይ ነረትኩት። ወዲያው ከራሱ በላይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ሰው አለ።»

ሳቄን አፍኜ፣ «ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ፣ ምንም አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ሞኝህን ፈልግ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቦታውን ጥሎ ሮጦ ሄደ። ሲመለስ የተሻለ ዶማ ይዞልኝ መጣ። ለኔ በር ለመክፈት ከወንበሩ የማይነሳው ሰውዬ!

«ና መሃል ቁም» አለኝ። «ወርቅ አያምርህ። ወርቁን አንዴ ካወጣኸው ድንጋዩ እስኪሞላ ትሸመግላለህ። ብረት ቶሎ ይመለሳል። አንዱን ምታ፣ ዞር በል፣ ሁለተኛውን ምታ፣ ዞር በል፤ ሦስተኛውን ስትጨርስ የመጀመሪያው ሞልቶ ይጠብቅሃል። እግርህን እንዳታነሳ።»

«ያወጣሁትን ብረትስ የት ልውሰደው?»

«የትም። እዚያው መሬት ላይ ጣለው። ጀማሪ ሁሉ የሚሞኘው እዚህ ጋ ነው፤ ተሸክሞ መጋዘን ሲመላለስ ቀኑ ያልቅበታል። የመጣኸው ለደረጃ ነው እንጂ ለብረት አይደለም።»

ጣቴ ተሳስቶ ከድንጋዮቹ መሃል በወጣሁ ቁጥር «አይዞህ፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ይለኛል። ሰዓቱን አይቶ «ምሳ በላህ?» ይለኛል። ዝም ስል «ደከመህ እንዴ?» ይለኛል። እኔ የላውንደሪው ጓዳ ውስጥ፣ የተሰቀለ ካፖርት መሃል ተደብቄ፣ በገዛ ባሌ እንደ ኮረዳ ልቤ ይመታ ጀመር። በየምሳ ሰዓቱ መሄድ ሆነ ሥራዬ። ለካ ሰውዬው አልሞተም፣ እዚህ ነው የሚኖረው አልኩ። እህቴ ስለ ክፍሉ ስታነሳብኝ፣ «ተይኝ እስቲ፣ ነገር እየተስተካከለ ነው» አልኳት። ካውያ ማለት እኔ ነኝ የምለውን ቀን እያማረጥኩ ነበር። ያን ቀን እንዴት እንደሚደነግጥ፣ እንዴት እንደምንስቅ ሳስብ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ያን ሰሞን ነው እንግዲህ አጉል ምስጋና ያማረኝ።

«አንተ ግን ሚስት የለህም?» አልኩት። «እንዴት ዝም ትልሃለች?»

«አለችኝ» አለ። «ጥሩ ሰው ናት።»

ልቤ ቅልጥ አለ። ይጨምርልኝ ብዬ ጠበቅኩ። ጨመረልኝ።

«ችግሯ ማታ ስትገባ ወሬ ታበዛለች። ድሮ ዝም ስላት ትቆጣና ስክሪኑ ፊት መጥታ ትገተራለች፤ ቁፋሮ ይቋረጣል። አሁን ዘዴ አገኘሁላት።»

«ምን ዓይነት ዘዴ?»

«ገና በሩን ስትከፍት፣ ቀድመህ እንዴት ዋልሽ በላት። ከዚያ በኋላ ራሷ ናት የምታወራው፤ ያንተን መልስ አትፈልግም። ሦስተኛውን ድንጋይ በጨረስክ ቁጥር እህ በል። ድምጿ ከፍ ካለ አይ ሰው በል። አውርታ ሲወጣላት ወደ ማድቤት ትሄዳለች፤ አንተ አንድ ምት አላመለጠህም። ስታገባ ትጠቀምበታለህ።»

ወሽመጤ ብጥስ አለ። ተጣልተን ሰድቦኝ ቢሆን እሰድበዋለሁ። ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ፀጉሯን እነጫለሁ። ይሄ ግን ምን ይባላል? ክፋት እንኳ የለበትም። ብረቱን ጣል እንዳለኝ ሁሉ፣ ለአንድ ጀማሪ ደግነት ብሎ ያካፈለው ብልሃት ነው። እኔ ያንን አንድ ቃል ይዤ ነው ከእህቴ ጋር ስሟገት የከረምኩት። በማታው ቃል ቀኑን ስችል፣ ለካ እኔ ከቁፋሮው ላይ የሚቀነስ ጊዜ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ስንት ሸሚዝ እንደተኮስኩ አላውቅም፤ እንባዬን እንኳ እንፋሎት ነው እያልኩ ነው የጠረግኩት።

ማታ በሩን ከፈትኩ።

«እንዴት ዋልሽ?» አለ።

ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ከኋላው ቆምኩ፤ እጁንና ስክሪኑን እያየሁ። «ልብሴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩ፣ ድምፄን ሳልለውጥ። «እህቴ ጋ ልገባ ነው። ከእንግዲህ አልመለስም።»

አንደኛውን መታ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

«እህ» አለ።

ደሜ ፈላ። «ትቼህ ልሄድ ነው እኮ የምልህ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይ ሰው!» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

መኝታ ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሠራሁት ወጥ አለ፤ ይብላው ብዬ ተውኩለት። ሻንጣው ከባድ ስለነበር በሩን በእግሬ ነው የዘጋሁት፤ ጎረቤት የሰማው ይመስለኛል።

እህቴ «ነግሬሽ አልነበር?» አላለችኝም፤ እግዜር ይስጣት። ባሌ ይደውላል ብዬ ስልኬን ትራሴ ሥር አደረግኩ። አልደወለም። በማግሥቱም አልደወለም። ኮርቶ ነው አልኩ። ደንግጦ ነው አልኩ። ሰው ሲጎዳ ቃል ያጥረዋል ብዬ ጠበቃ ቆምኩለት፣ እኔው!

እሑድ ረፋድ ላይ አላስችል አለኝና ጌሙን ከፈትኩት። እዚያው ከድንጋዮቹ መሃል ነበር። ገና ሲያየኝ ጽሑፉ ተከታትሎ ወረደ።

«ካውያ! የት ጠፋህ? ታሞ ይሆን እያልኩ ልቤ ተሰቅሎ ከረመ እኮ! አድራሻህን አላውቅ፣ ማንን ልጠይቅ?»

የእህቴ ትርፍ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ አፌን በትራስ ይዤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የጠፋ ሰው እንዴት እንደሚፈለግ ያውቃል ማለት ነው። እስኪወጣልኝ አልቅሼ ስጨርስ ጻፍኩለት።

«ደህና ነኝ። ሚስትህስ?»

«ደህና ናት። ሰሞኑን ኩርፊያ ላይ ናት መሰለኝ፤ ድምፅ የለም። ወጡንም ራሴው እያሞቅኩ ነው የምበላው። ግን እኮ ኩርፊያ ለቁፋሮ ይመቻል፤ ዘጠና ስድስተኛ ደረጃ ገባሁ!»

«ዛሬ እሑድ ነው። ቤት ናት?»

«ቆይ፣ መኖሯን ልይ» አለኝና ተነሳ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ቆፋሪው ዶማውን እንደያዘ ከሦስቱ ድንጋዮች መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። ክፍል ለክፍል ሲዞር፣ ቁምሳጥኑን ሲከፍት በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኝ ነበር። ተመልሶ የሚጽፈውን ሳላነብ ጌሙን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።