የማጣሪያው ጉድ

የራዶይኮ እቃ ማጠቢያ ማሽን ውሃውን አላስወጣም ብሎ ቆሟል።

«ተወው አልኩህ እኮ! በእጄ አጥባለሁ» አለች ሚስቱ ዴሳንካ።

ራዶይኮ ገረመው። እሷ እንኳን ድስት፣ ማንኪያ በእጇ ካጠበች ስንት ዘመኗ! ተንበርክኮ ማጣሪያውን ነቀለና ከሥሩ የራሰ ወረቀት ጎትቶ አወጣ። ዘረጋው። ከጠርሙስ የተላጠ ነው፤ ቀይ ቃሪያና የፋብሪካ ስም አለበት።

የሱቅ አይቫር! በየመከሩ «ቃሪያውን ራሴ ጠብሼ፣ ራሴ ልጬ» እያለች የሌስኮቫትስ ከተማን ሴቶች የምታስቀናበት ድልህ፣ ለካ ከሱቅ ገዝታው የጠርሙሱን ወረቀት ማሽኑ ነበር የሚልጥላት።

«አንቺ ጉደኛ! ያ ሁሉ ጉራ ለዚህ ነው?»

ዴሳንካ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ማጣሪያው ጉድጓድ ሰደደችና ሌላ ወረቀት መዥረጥ አደረገች።

«ይኼስ የማን ነው፣ የኔ ጌታ?»

ወረቀቱ ላይ ሁለት የፕሪም ፍሬ ተስሏል፤ የፋብሪካ አረቄ ነው። ለእንግዳ ሁሉ «ከአባቴ ዛፍ፣ በገዛ እጄ ያወጣሁት» እያለ የሚቀዳው ራዶይኮ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ይኼኔ ጎረቤታቸው ዝላታ በበሩ ብቅ አለች። «ምን ሆኖ ነው ማሽኑ?»

«ሞተሩ ነው!» አሉ ባልና ሚስት ባንድ አፍ።