ሁለት ሚሊ ለልጅቷ፣ ሦስት ለአበባው

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የደንበኛ ልብሶች ኋላ ተደብቃ ቆማለች። ከአንድ ረጅም ካፖርት ሥር ሁለት ትናንሽ እግሮች ብቻ ይታያሉ፤ በጣቶቻቸው ቆመው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቆላልፈው። ልብስ ሰፊው አባቷ የስፌት መኪናውን አቆመና ጆሮውን ጣለ። ትንፋሿን ይዛለች። ይሄን አቋቋም ያውቀዋል። ሆዷ ከደረቀ ስድስተኛ ቀኗ ነው።

"ድንቢጥ፣ ፖፖውን ላምጣልሽ?"

"አልመጣም።"

"መጥቷል እንጂ። ካፖርቱ ሲንቀጠቀጥ እያየሁት?"

"ካፖርቱ በርዶት ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ሳቁም ደክሞታል። አራት ዓመት የሞላት ልጅ ከገዛ ሆዷ ጋር ስትታገል ቁጭ ብሎ ማየት ሰውን ያስረጃል። እግሮቹ ቀስ ብለው ተላቀቁ፤ ተረከዞቿ መሬት ነኩ። ዛሬም እሷ አሸነፈች፤ ወይም ተሸነፈች።

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን "ሜትሩ" ይለዋል። የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ አንዴ ለቀብር ሲሄድ እንኳ ረስቶት ከክራቫቱ ጋር ጎን ለጎን አንጠልጥሎት ሄዷል እየተባለ ይሳቅበታል። ሚስቱ በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ትሸጣለች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥታ ስትመለስ እግሯ ስለሚያብጥ፣ በሩ ላይ ቁጭ ስትል ጫማዋን የምታወልቅላት ልጅቷ ናት።

ከአምስት ሳምንት በፊት ነበር ልጅቷን ጤና ጣቢያ የወሰዷት። ነርሷ መዘነቻት፣ ሆዷን ዳበሰችና ጣፋጭ ሽሮፕ ጻፈች፤ አምስት ሚሊ ጠዋት፣ አምስት ሚሊ ማታ፣ በሲሪንጅ እንጂ በማንኪያ አይደለም፤ ውሃም በደንብ ትጠጣ። ሚስቲቱ ጠዋት ቤት የለችም፤ ማታም የምትቆመው በግድግዳ ድጋፍ ነው። ስለዚህ መስጠቱ የእሱ ሥራ ሆነ። የእሷ ሥራ ደግሞ መመዝገብ። ጠርሙሱ ላይ በየሦስት ቀኑ በእስክሪብቶ መስመር ታሰምራለች፤ ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያም ልጅቷ የተጸዳዳችበትን ቀን ታከብባለች። ጠርሙሱ በልኩ ይጎድላል። ክቡ ግን አልበዛም።

ለምን እንዳልበዛ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሜትሩ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አንዲት ጠብታ ሳያጎድል ሰጥቷታል። በአራተኛው ቀን መጣላት፤ ቀጠን ብሎ፣ በአንድ ጠዋት ሁለቴ። ልጅቷ "ወጣ! ወጣ!" እያለች ስትጨፍር እሱ ፖፖውን እንደያዘ ሽንት ቤቱ በር ላይ ደርቆ ቀረ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ለታናሽ እህቱ፣ ሆዷ ደረቀ ብላ፣ የጉሎ ዘይት በሾርባ ማንኪያ አጠጣቻት። አንዱ አልሠራ ሲል ሁለተኛ፣ ሁለተኛው አልሠራ ሲል ሦስተኛ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ሠራ። እስከ ማግስቱ ቀትር አላቆመም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ እያለቀሰች እንባ ሲጠፋ አይቷል። ሐኪም ቤት ድረስ አዝሎ የወሰዳት እሱ ነው። ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወድቆ ነበር። እህቱ ተርፋለች፤ ዛሬ ጫማ ትሸጣለች፤ ያንን ቀን ጨርሶ አታስታውሰውም። እሱ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖበት፣ ቀጠን ያለ ነገር ባየ ቁጥር ትከሻው ይከብደዋል።

ያንኑ ሰሞን ዚፕ ልታስቀይር የመጣች ደንበኛ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አየችው።

"ውይ! ለዚች ጫጩት ነው ይሄ? አንጀቷ ይሰንፋልኮ። ኋላ ያለ መድኃኒት እምቢ ይላታል።"

"ሐኪም ያዘዘው ነው።"

"ሐኪም ምን ቸገረው? አንጀቱ የእሱ አይደል!"

ስልኩን ከፍቶ ጠየቀ። ስልኩ አይጎዳም አለው፤ ወረድ ሲል ደግሞ ይጎዳል አለው። እህቱ ጋ ደወለ። "አንተ ደግሞ! እኔ እንደሆነ እንደ በሬ አለሁ" ብላ ሳቀችና፣ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ ጫማ የጠየቃት ገዢ ስለመጣ ዘጋችው።

ልብስ ሰፊ አስቦ ይቆርጣል። የተረፈ ጨርቅ ይታጠፋል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም። የዋጠችውም አይመለስም። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ሲሪንጁን እስከ አምስት ሞላና ሁለቱን ሚሊ ብቻ ሰጣት። ሦስቱን፣ የጠርሙሱ ልክ እንዳይዛባ፣ መስኮቱ ላይ በወተት ቆርቆሮ የተተከለችው አበባ ሥር አፈሰሰው። "ለጊዜው ነው" አለ ለራሱ። ጊዜው ወር ሞላው።

ሽሮፑ ጣፋጭ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጉንዳኖች መጡ፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ ስንጥቅ እስከ ቆርቆሮው እንደ ጥቁር ክር ተሰልፈው። ሚስቲቱ በዕረፍት ቀኗ ጉልበቷን አስራ መስኮቱን በኮምጣጤ ፈተገችው። በሳምንቱ እንደገና መጡ፤ እንደገና ፈተገች። ከዚያ ጨርቁን ወረወረችና ልጅቷን ጠራቻት።

"ከረሜላ እዚህ ውስጥ የቀበረው ማነው?"

"እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ አባትሽ ነው ከረሜላ የሚቀብረው? ሆድሽ እንዲህ ሆኖ ከረሜላ! አሁን ደግሞ ውሸት ጀመርሽ?"

ልጅቷ አባቷን አየችው። እሱ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈ ነበር፤ ከንፈሮቹ መሃል ሦስት ስፒል ነክሷል። ስፒል የነከሰ ሰው አይናገርም፤ ሥራው ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። ሦስተኛውን ስፒል ከሰካ በኋላም፣ ምንም ሳያስፈልገው አራተኛ አንስቶ ነከሰ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሱ ዝምታ ግን ጉንዳን አፍልቷል።

ልጅቷ ለሁለት ቀን መስኮቱ ጋ እንዳትደርስ ተከለከለች።

አሁን ስድስተኛ ቀኗ ሆኖ፣ ጠዋት ካማጠች በኋላ በጠረጋት ወረቀት ላይ ትንሽ ደም ሲታይ ሚስቱ ጋ ደወለ። ሚስቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና፣ የመናኸሪያውን ሰማያዊ ሽርጥ ሳታወልቅ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻቸው። ወረፋው ረጅም ነበር። ልጅቷ አባቷ ጭን ላይ ተኝታ ከአንገቱ የተንጠለጠለውን የመለኪያ ሜትር ጫፍ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

ነርሷ ያው የዚያን ቀኗ ናት። የልጅቷን ሆድ በሁለት ጣት ጫን አለችና ራሷን ነቀነቀች።

"ጠጥሯል። መድኃኒቱን በትክክል እየሰጣችኋት ነው?"

"አንድ ቀን አልዘለልንም፣ ሲስተር" አለች ሚስቱ። ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ መስመሮቹን አንድ በአንድ አሳየቻት። ከሳምንታት ድካም በኋላ የምታሳየው ነገር ስላላት ፊቷ ትንሽ በራ። "ይኸው ቀኑ፣ ይኸው ልኩ።"

"ጎበዝ። ሁሉም እንዳንቺ ቢሆን።" ነርሷ ካርዱን ሳበች። "እንግዲያው አምስቱ አልበቃትም ማለት ነው። ወደ አሥር ከፍ እናደርገዋለን፤ ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር። የጠጠረውን ደግሞ ዛሬውኑ በታች በኩል በሚሰጥ መድኃኒት እናስወጣዋለን። ትንሽ ይዛችሁ ትረዱኛላችሁ፣ ታለቅሳለች።"

ልጅቷ የአባቷን መለኪያ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

አሥር። ትናንት ሁለት የጠጣች ልጅ፣ ነገ አሥር። ሜትሩ በሕይወቱ ሲፈራ የኖረውን ነገር በገዛ እጁ ለክቶ፣ በገዛ እጁ ቆርጦ፣ ለመስፋት አዘጋጅቶ አስቀምጦታል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ አየ። ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ። ስፒል የለም።

"ሲስተር፣ አይጻፍ።"

"ምን አልከኝ?"

"አምስት አልሰጠኋትም። ሁለት ነው የሰጠኋት።"

ሚስቱ ወደ ጠርሙሱ አየች፤ ቀጥላ ወደ እሱ። "ጠርሙሱ ጎድሏል እኮ" አለች፤ እሱን እየተከላከለችለት፣ ገና ሳይገባት።

"ሦስቱን አፈሰዋለሁ። ፈራሁ። እህቴ በልጅነቷ በጉሎ ዘይት ልትሞት ነበር።" ወደ ሚስቱ ዞረ። "አበባው ላይ ነው የማፈሰው።"

ሚስቱ ጠርሙሱን የነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"ጉንዳኖቹ" አለች ሚስቱ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዓይኗን አሸች። ስትናገር ቁጣ አልነበራትም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት ከጠዋት ጀምሮ አልቆባታል።

"በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ነህ። አንዷ የራሷን ኪኒን ገምሳ ለልጇ ሰጥታ መጣች። አንዱ በሻይ ማንኪያ ነው የምለካው ብሎ ሲምል፣ ማንኪያው የሾርባ ሆነ። አንተ ደግሞ ለአበባ። እኔ የምጽፈው እኮ የነገራችሁኝን ነው አባቴ። ዝም ብትል ኖሮ ዛሬ አምስት እጥፍ ነበር የምሰጣት።"

"አንጀቷ ይሰንፋል አሉኝ።"

"ማን አለህ?"

"ዚፕ ልታስቀይር የመጣች ሴትዮ።"

ነርሷ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። "ስማኝ። መፍራትህ ሞኝነት አይደለም። እህትህን የጎዳት ያለ ልክ መሰጠቱ ነው፤ ልጅ በተቅማጥ ውሃ ሲያልቅበት ደግሞ አይቀለድበትም። ይሄ ሽሮፕ አንጀትን አይገርፍም፤ ውሃ ወደ ሰገራው ይስብና ያለሰልሰዋል። የታዘዘው በኪሎዋ ነው። ቢቀጥንባት ደውል፣ እኛ እንቀንሰዋለን። ካስመለሳት፣ ሆዷ ከተነፋ፣ አልጠጣም ካለች ይዘሃት ና። ፍራ፤ ግን ደውለህ ፍራ።" የጻፈችውን አሥር በአንድ መስመር ሰረዘችው። "አምስት ነው። አምስቱ ገና አልተሞከረም። የታች በኩሉንም ለዛሬ እንተወው። እስከ ነገ ወዲያ ካልመጣላት ግን ምክንያት አልሰማም።"

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስቱ ፊት ፊት ሄደች። ልጅቷን እሱ አዝሏት ነበር፤ ትከሻው ላይ አገጯን አሳርፋ። መታጠፊያው ጋ ሚስቱ ሳትዞር ተናገረች።

"ሁለቴ በኮምጣጤ ፈተግኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ልጄን ውሸታም አልኳት። አንተ ቁጭ ብለህ።"

"አፌ ውስጥ..."

"ስፒሉን አይቼዋለሁ። እሱንማ አይቼዋለሁ።"

ቤት እንደገቡ ሽርጧን ሳትፈታ ሲሪንጁን አጥባ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

"ሙላው።"

"አንቺ ብትሰጪያት አይሻልም? እኔን ከእንግዲህ እንዴት..."

"እኔ በአሥራ አንድ ሰዓት የምወጣ ሴት ነኝ። ማን ይስጣት? ጉንዳኑ?"

እስከ አምስት ሞላው። ልጅቷ አፏን ከፍታ እንደ ወፍ ጫጩት ጠበቀች። ሁለት ላይ ሲደርስ እንደለመደችው አፏን ዘጋች።

"ገና ነው" አላት። "ይሄም ያንቺ ነበር።" ሦስቱንም ሰጥቷት ፊቷ ተንበረከከ። "ድንቢጥ፣ ጉንዳኖቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከረሜላ አልነበረም። አንቺ አልዋሸሽም።"

"አውቃለሁ። ስታፈስ አየሁህ።"

ሚስቱ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ እጇ ቆመ።

"ታዲያ ለእማዬ ለምን አልነገርሻትም?" አላት ሜትሩ።

ልጅቷ አሰበች። "ጉንዳኖቹም ሆዳቸው ደርቆ መሰለኝ" አለች። ቀጥላም፣ "አንተ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ።"

ማንም አልሳቀም። ሚስቱ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻትና ለረጅም ጊዜ ፀጉሯ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆየች።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ካፖርቱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሜትሩ መኪናውን አቆመ።

"ፖፖውን ላምጣ?"

ከካፖርቱ ውስጥ፣ "አምጣው።"

እግሮቿን የክር ሳጥን ላይ አሳረፈላት። እሷ የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዘች፣ እሱ ሌላውን፤ ስታምጥ ትስባለች፣ እሱ ያላላላታል። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በመጨረሻ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ጎንበስ ብሎ አየ። ደም የለም። አልጠጠረም፤ ውሃም አልሆነም። ትከሻው ግን እንደ ልማዱ ከበደው፤ እንደገና ጎንበስ ብሎ እንደገና አየ።

ሚስቱ ጋ ደወለ። ከኋላዋ የመናኸሪያው ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ተሳፋሪ የመስኮት ወንበር ይለምናል።

"መጣላት" አላት።

"ቀጥኗል?"

"አልቀጠነም። ልኩ ነው።"

ተሳፋሪው መስኮት፣ መስኮት ይላል።

"ቀን መቁጠሪያው ላይ ላክብበው?" አለ ሜትሩ።

"አትንካው። ስመጣ በዓይኔ አይቼ ነው የማከብበው።" ሊዘጋው ሲል ድምጿ ተመለሰ። "ፖፖውንም እንዳትደፋው።"

"እስከ ማታ?"

"እስከ ማታ።"

ከቁርጥራጭ ጨርቆቹ መሃል ልኩን መርጦ ፖፖውን ሸፈነውና መስኮቱን ከፈተ። መስኮቱ ላይ ሦስት ጉንዳኖች ደርቆ የቀረውን ቆርቆሮ ይዞራሉ፤ አንዱ ወጥቶ ያያል፣ ይወርዳል። ሜትሩ መኪናው ላይ ተቀመጠ። ስፒል ሊነክስ አነሳና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አባዬ፣ ይሸታል" አለች ልጅቷ።

"ይሽተት" አላት። "እናትሽ እስክትመጣ ይሽተት።"