ሁለት ጣት ትርፍ

"አሁን የምነግርህ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ይህ መቀስ ጣቴን ይቁረጠው" አለ ልብስ ሰፊው፤ መቀሱን ከጣቱ አርቆ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

የአውቶቡስ ሹፌሩ እንደተማረከ ወታደር ሁለት እጁን ሰቅሎ መስተዋቱ ፊት ቆሟል። ሜትሩ ወገቡን ዞሮታል። የሥራ ሱሪው ቁልፍ አልደርስ ካለው ሳምንት አልፎታል። ሰፊው ደግሞ ወሬው የሚጥመው ሰው ሜትር ታጥቆ መሄጃ ሲያጣ ነው።

"ዘጠኝ መቶ ዩኒፎርም" አለ። "በአንድ የትምህርት ዘመን። ብቻዬን፣ በዚህች መኪና።" የስፌት መኪናዋን እንደ ፈረስ ጀርባ ቸብ ቸብ አደረጋት። "ርእሰ መምህሩ ሊረከቡ መጥተው ክምሩን ሲያዩ ቃል አጡ። ወንበር ሰጥተን ውሃ አጠጣናቸው።"

"ባለፈው ሰባት መቶ አልነበረም?"

"ያኔ የሴቶቹን አልቆጠርኩልህም።"

ጥግ ላይ ልብስ የምትተኩሰው ሚስቱ ቀና አላለችም። ካውያው ብቻ እርጥብ ጨርቅ ላይ አረፈና በረጅሙ ሽሽሽ አለ።

ሰፊው የሱሪውን ወገብ ከኋላ ገልብጦ ውስጡን በመስተዋት አሳየው። "ይኸው፣ ሁለት ጣት ትርፍ። ከአራት ዓመት በፊት ስሰፋው ሆድህ ወዴት እያመራ እንደሆነ አይቼ የተውኩልህ ነው። ሌላ ሰፊ ቢሆን ዛሬ አዲስ ሱሪ ታሰፋ ነበር። አውልቅና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና ውሰድ።"

በሰፈሩ ስሙም ሁለት ጣት ነው። ለማንም ሲሰፋ በልኩ አይቆርጥም፤ ሁለት ጣት ጨምሮ ወደ ውስጥ ያጥፍለታል። ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ ታጥቦ ይሰበሰባል ባይ ነው። ስሙ የተለጠፈበት ግን ለጨርቁ ብቻ አይደለም። ወሬም ሲቆርጥ ያስተርፋል። እሱን የያዘ ጉንፋን ሳንባ ምች ነው፤ እሱ ላይ የጮኸ ውሻ ጥጃ ያህላል፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሱሪ ሁሉ፣ ቢያንስ አንድ እግሩ፣ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። ልጁ ሒሳብ የቀናት፣ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አባቷ ከሚናገረው ላይ ስትቀንስ ስላደገች ነው ይባላል። ይህንንም የሚለው እሱ ነው።

ሹፌሩ በሌላ ሱሪ እንደወጣ፣ ሰፊው የቁልፍ ቆርቆሮውን አነሳና ከሥሩ ያለውን ፎርም ሳበ። ልጁ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የተወችለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ በሩ ይዘጋል። "መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ፈርምልኝ። ሌላውን ማንበብ አያስፈልግህም" ብላው ነበር። ለእሱ ይህን ማለት ከመጀመሪያው ቃል ጀምረህ አንብብ ማለት ነው። የዓይኑ ሞራ ከተገፈፈለት ወዲህ ደግሞ ፊደል ያለበት ነገር አያልፈውም፤ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ጀርባውን ሳያነብ አይጥልም።

ዩኒቨርሲቲው ከመቶ አመልካች አምስቱን ነው የሚቀበለው። ሰፊው ግን ለደንበኞቹ አንዱን ነው ብሏቸዋል። ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶች የሚወጡት ከዚያ ነው፤ ልጅቷም ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ በባዶ የክር መጠቅለያና በሽቦ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ድልድይ ስትዘረጋ፣ እናቷም ስትደናቀፍበት የኖረች ናት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ውጤቷ ተደርድሯል። ሒሳብ ዘጠነኛ ክፍል ዘጠና አንድ። አሥረኛ ክፍል አርባ ሰባት። አሥራ አንደኛ፣ መጀመሪያ ሃምሳ ሁለት፣ ኋላ ሰማንያ ስምንት። አሥራ ሁለተኛ ዘጠና አምስት። እያንቀላፉ የሰፉት የቀሚስ ዘርፍ ይመስላል።

ከሥሩ ፎርሙ ይጠይቃል፤ "ውጤትዎ የቀነሰበት ጊዜ ካለ ምክንያቱን ያስረዱ። ጉዳዩን በዓይኑ ያየ፣ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ምስክር ቃሉን ይስጥ።" ለመልሱ አሥራ ሁለት መስመር ተትቷል። ልጅቷ የተጠቀመችው የመጀመሪያውን መስመር ግማሽ ነው።

ሰንፌ ነበር።

ምስክር በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ።

"አንቺ ሴት" አለ ሰፊው፤ "ይህች ልጅ እዚህ ላይ ምን ብላ እንደጻፈች ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ሰንፌ ነበር ትላለች። ከእኛ ዘር ሰነፍ..."

"ዘራችሁን ተወው። ለምን እንደጻፈችው አንተም ታውቃለህ።"

ያውቃል። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል በገባችበት ዓመት መጀመሪያ ከዓይኑ የጠፋችው የመርፌዋ ቀዳዳ ናት፤ ከዚያ መርፌዋ ራሷ፤ ከዚያ መኪናዋ የጥላ ክምር ሆነች። የትምህርት ቤቱ ጨርቅ ገና ተራግፎ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ዓይኑ የማያይ ሰፊ ጋ ማን ጨርቅ ይተዋል? ሚስቱ መስኮቱን በግማሽ መጋረጃ ሸፈነች፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች መኪናው ላይ ተቀመጠች። እሱ ጥግ ይዞ ቁልፍ በዳሰሳ ይለይና "ሁለት ጣት እንዳትረሺ" ይላታል። አንድ ቀን መኪናው ድንገት ቀጥ ሲል "ምን ሆንሽ?" ቢላት "ክር ተበጠሰብኝ" አለችው። ሞራው ተገፍፎ ዓይኑ ሲበራ መጀመሪያ ያየው የግራ እጇን ጠቋሚ ጣት ነው። ጥፍሩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ ነበር የበቀለው።

ሥራው እንዳይሸሽ ብሎ ለመጀመሪያው ደንበኛ "እኔ ነኝ የሰፋሁት" አለ። ለሁለተኛው ትንሽ ጨመረ። ወሬው ጣፈጠው። እያደር ትርፉ ከጨርቁ በለጠ።

ፎርሙን ወደ ብርሃን አቅርቦ ደግሞ አየው። ሌላው ሁሉ በእስክሪብቶ ነው የተሞላው። ሁለቱ ቃላት ብቻ በእርሳስ ናቸው። ሰፊ ያውቀዋል ይህን፤ ጨርቅ ለጊዜው የሚያያዝበት፣ ዋናው ስፌት ሲመጣ ተፈትቶ የሚወጣ ክር አለ። ሰው ፈትቶ እስኪያወጣው ይጠብቃል።

ልጅቷ ሰባት ሰዓት ላይ መጣች።

"አንብበኸዋል" አለች ቦርሳዋን ሳታወርድ።

"ያለ መነጽር።"

"ፈረምክ?"

"ቆይ እስቲ፣ እናሳምረው። አያትሽ በዚያ ዓመት ሞተች ብለሽ ጻፊ።"

"አያቴ ትናንት ደውላልኛለች።"

"እንግዲያው እናትሽ በጽኑ ታማ..."

"እኔን አታስተኛኝ" አለች ሚስቱ። "ያልተተኮሰ ልብስ አለብኝ።"

"ቤታችን ተቃጥሎስ?"

ልጅቷ ሳቀችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። "አባዬ፣ የሚፈልጉት በዓይኑ ያየ ሰው ነው። እውነቱን ብጽፈውስ ማን ይመሰክርልኛል? የሰፋነው መጋረጃ ዘግተን ነው። ሰፈሩ ደግሞ ዘጠኝ መቶውን አንተ እንደሰፋኸው ነው የሚያውቀው። አንተው ነግረኸው።"

"ትክክለኛው ስንት ነበር?"

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።" አላሰበችም፤ ቶሎ ነው የመጣላት። "ደግሞ ሰንፌ ነበር ማለት ክፋት የለውም። ሰነፏ ተሻሻለች ብለው ያዝኑልኝ ይሆናል።"

"ካላዘኑልሽስ?"

"ቁልፍ እተክልልሃለሁ።"

ለቀልድ ነው ያለችው። እሱ ግን ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀልድ ሲያገኝ የሚጨምርበትን ሁለት ጣት አልጨመረበትም። እጇን አየ። እሷም እጇን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አደረገችው።

"ሹፌሩ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል" አለ። "እሱ ይመሰክርልሻል።"

"ምን አይቶ?"

"እነግረዋለሁ።"

"ያየ ነው የሚለው እኮ፤ የተነገረው አይልም።"

"እኔ ስነግር ሰው ያየ ያህል ነው። ዘጠኝ መቶውን ያየ የሚመስለው ስንቱ ነው?"

ሚስቱ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ካውያውን አቁማ ቀና አለች። ሄዳ ከመሳቢያ ላጲስ አወጣችና ፎርሙ ላይ አስቀመጠችው።

ሹፌሩ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ሱሪውን ከመጋረጃ ጀርባ ለብሶ ወጣ፤ ቁልፉን ቆለፈና ሆዱን ሁለት ጊዜ ነፋ አደረገ። ልኩ ሆኗል።

"እግዜር ይስጥህ። አሁን ይቺን ሁለት ጣት ባትተውልኝ..."

"ተቀመጥ" አለ ሰፊው።

"ፈረቃዬ ደርሷል።"

"ትንሽ ነው። አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ..." እጁ እንደ ልማዱ ወደ መቀሱ ሄደ፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

"መቀሱን ተወውና ንገረኝ" አለ ሹፌሩ።

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ። ጠቅልሎ ጨረሰ፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው። "ያ ጠዋት የነገርኩህ ዘጠኝ መቶ አለ አይደለም?"

"አለ።"

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው።"

"እሺ።"

"የሰፋሁትም... እኔ አይደለሁም።"

"ልጅቷ ናት" አለ ሹፌሩ።

ሰፊው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እኔ አልተናገርኩም እንደ ማለት።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ፌርማታዬ እኮ በራችሁ ላይ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ አሥር ደቂቃ እቆማለሁ። መጋረጃችሁ የሚከልለው እግረኛን ነው፤ የኔ ወንበር ደግሞ ከፍ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ሳያት ነው የከረምኩት። እሷ መኪናው ላይ፣ ደብተሯ ጉልበቷ ላይ። አንተ ጥግ ላይ ቁልፍ ትዳስሳለህ።"

"ታዲያ ጠዋት እጅህን ሰቅለህ ያን ሁሉ ስትሰማኝ ለምን አላቋረጥከኝም?"

"ታሪኩ ደስ ይለኛላ። እኔ ሳውቀው ገና አራት መቶ ነበር፤ አሁን ለአካለ መጠን ደርሷል።"

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሰፊው ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ቁጣው የት እንደገባ ጠፋው።

"ሌላውስ ሰው ያውቃል?" አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እኔን ስለሌላው አትጠይቀኝ። ጨርቅ ይዞ መምጣቱን ያቆመ ሰው አለ?"

ማንም አላቆመም። መደርደሪያው ሞልቶ ወንበር ላይ ሁሉ ተርፏል።

ልጅቷ ላጲሱን አነሳች። ሁለቱን ቃላት አጥፍታ ፍርፋሪውን እፍ አለችው፤ እስክሪብቶ ይዛ አሥራ ሁለቱንም መስመር ሞላች። ስትጽፍ አባቷ ትከሻዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ "ርእሰ መምህሩን አታስገቢያቸውም?" ቢላት "አላስገባቸውም" አለችው። ጨርሳ ፎርሙን ለሹፌሩ አዞረችለት።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። እያንዳንዱን ቃል እንደ ፌርማታ ቆሞበት፣ አፉ ውስጥ እያነበበ ይሄዳል። "እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በዚያ የትምህርት ዘመን ተማሪዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ስትሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ። የአባቷ ዓይን ያን ጊዜ አያይም ነበር። ዩኒፎርሞቹን በሙሉ የሰፋችው እሷ ናት። አባቷ አንድም አልሰፋም።"

"አንድም?" አለ ሰፊው።

"አንድም።"

"አንድም እንኳ ይበዛል። መጀመሪያ ሰሞን፣ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ፣ ሁለት ሰፍቻለሁ።" ሁለት ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ አሳየው። "ሌላውን ሁሉ ውሰዱት። ሁለት ብለህ አርምልኝ።"

ሹፌሩ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ጠበቀ። ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች፤ ሁለቱን ልትሰጠው የፈለገች ትመስል ነበር።

"ሁለቱም ተመልሰው መጥተዋል" አለች ሚስቱ ከጥጓ፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። "አንዱ እጅጌያቸው ከሌላው ይረዝም ነበር። እሷ ናት ፈትታ የሰፋቻቸው። አንተ እንዳትሰማ ብለን ነው።"

ውጭ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ሰፊው ጣቶቹን እንደቀሰረ ቆየ። መስኮቱን አየ፤ ግማሹን መጋረጃ፤ ከመጋረጃው በላይ ያለውን ክፍት መስተዋት። ከዚያ የተሰነጠቀውን ጥፍር፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልተደበቀም።

ሁለቱን ጣቶች፣ እንደ ትርፍ ጨርቅ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ አጠፋቸው።

"ተወው" አለ ሹፌሩን። "አንድም ይሁን።" እስክሪብቶውንም ተቀብሎ መጨረሻው ገጽ ላይ ፈረመ።