የቁምሳጥኑ ጀርባ

ባሌ ግድግዳ ቀቢ ነው፤ እኔ ሰዓሊ ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ «አቤት ስትገጣጠሙ!» ይላል። ምን መገጣጠም! እሱ ግድግዳ ላይ አንዲት ጠብታ ካየ ምግብ አይወርድለትም፤ እኔ ደግሞ ሳላንጠባጥብ መሥራት አልችልም። ሰፈሩ በሙሉ «ኖራው» ነው የሚለው። እኔም ስናደድ እንደዛው እለዋለሁ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ።

እህቴ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብቼ ሰኞ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ፍክት ብሏል። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። እጄን ይዞ መሥሪያ ክፍሌ አስገባኝና «በይ ግለጪ» አለ።

ክው አልኩ። ግድግዳዬ ነጭ ሆኗል።

ያ ግድግዳ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ቀለም በደባለቅሁ ቁጥር ብሩሼን እሱ ላይ እጠርጋለሁ፤ ከሥሩ ምን ከምን ጋር፣ ምን ያህል እንደሆነ በእርሳስ እጽፋለሁ። የስምንት ዓመት ሥራዬ እዚያ ላይ ነበር። ደብተር ያዢ ሲሉኝ «ደብተር ይጠፋል፣ ግድግዳ የት ይሄዳል?» ነበር መልሴ።

«ፍቄ፣ በሸካራ ወረቀት አሽቼ፣ ስቱኮ መትቼ፣ ሁለት እጅ ቀባሁት» አለ በኩራት። ሌላ ሰው ቢሆን ላይ ላዩን ለቅለቅ አድርጎ ይተወውና እኔም ፍቄ ሥሩን አወጣው ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ማግባት ጣጣው ይኸ ነው!

ደሜ ፈላ። ያልኩትን አልደግመውም፤ ጎረቤት ሰምቶታል፣ ይበቃል። ኖራው አኩርፎ ወጣ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን የልብስ ሰፊው አደራ ነበረብኝ። መንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሥዕል በጀመርኩ ሰሞን እናቱን ሥዬለት ነበር። ዘንድሮ የሱቁ ጣራ አፈሰሰና ሥዕሉ ረጠበ። የእናቲቱ ፊት ተርፏል፤ አረንጓዴ ቀሚሳቸው ግን ከወገብ በታች ተላልጧል። ቀሚሱን የሰፋላቸው ራሱ ነው፤ ለብሰውት ነው የተቀበሩት። ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አልቀረውም። ቅዳሜ እህቶቹ ሥዕሉን ሊያዩ ይመጣሉ። «አደራሽን እህቴ፣ ያንኑ አረንጓዴ» አለኝ እህቴ ዘንድ ከመሄዴ በፊት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «ግድግዳዬ ላይ አለ፣ ምን ያስጨንቅሃል!» አልኩት።

እስከ ሐሙስ አረንጓዴ ስደባልቅ ሰነበትኩ። አንዱ ሣር ይሆናል፣ አንዱ ጠርሙስ፣ አንዱ የታመመ ሰው ፊት። ልብስ ሰፊውን ደግሞ ማታለል አይሞከርም፤ ጥቁር ክርና ጥቁር ሰማያዊ ክር በዳበሳ የሚለይ ሰው ነው። ሐሙስ ከሰዓት ብሩሼን ወርውሬ አለቀስኩ። ከእናቱ የቀረችው ይህቺው ናት፤ እኔ ደግሞ የሌላ ሴት ቀሚስ አልብሼ ልሰጠው ነው።

ኖራው ድምፄን ሰምቶ መጣ። ከኩርፊያው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር፦ «ሴትዮዋን የት ሆነሽ ነው የሣልሻቸው?»

«እዚሁ ነዋ! የት ልሆን ኖሯል?»

«እዚህማ ያኔ ልጃችን ነበረች የምትተኛው።»

እውነቱን ነው። መጀመሪያ የምሠራው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ምግቡ ቀለም ቀለም ሲል ጊዜ ተባረርኩ። ከዚያ መኝታ ቤታችን ውስጥ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አላቀን እንደ መጋረጃ አቆምነውና ከኋላው አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ተሰጠኝ። ይህ ክፍል የደረሰኝ ልጄ አግብታ ስትወጣ ነው። የሠርጉ ድንኳን ሳይነሳ ብሩሿን ይዛ ገባች ብለው ያሙኛል፤ ሐሰት ነው፣ ከተነሳ በኋላ ነው።

«ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው ስመልስ» አለ ኖራው፣ «ጀርባው ዝንጉርጉር ብሎ ቀፍፎኝ ልቀባው ብል ጮኸሽብኛል። በቃ ከነጉዱ ከግድግዳ ጋር ለጠፍኩት።»

ተያይዘን ሮጥን። «ግፋ!» «አንቺ ሳቢ እንጂ!» እየተባባልን ወገባችን እስኪቀነጠስ ጎተትነው። ከስስ ጣውላ፣ ከኮምፔንሳቶ የተሠራው ጀርባው ከላይ እስከ ታች በቀለም ተዥጎርጉሯል። አረንጓዴው ጉልበቴ አካባቢ ነበር። ከሥሩ ያለው ጽሕፈት ግን የእኔ አይደለም። ያኔ እጄ በቀለም ሲጨማለቅ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው «ጻፍልኝ!» እል ነበር፤ ረስቼው ኖሯል።

«የትምህርት ቤቱ በር አረንጓዴ፣ ሁለት ማንኪያ። ቢጫ፣ ግማሽ። ቡኒ፣ ለአመል ያህል።» ቀጥሎ፣ እኔ ሳላዘው፦ «ቆንጆ ወጣ።»

የትምህርት ቤቱ በር! ያኔ የሰዓሊ ቀለም ከየት አባቴ! የምሥለው እሱ በር ቀብቶ ሲመለስ ከቆርቆሮው ሥር በሚተርፈው ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ ቀን በቱቦ ቀለም ስባዝን ከረምኩ።

«ቆርቆሮው...» አልኩ።

«ጣለው፣ ጣለው፣ ቤቱን ቆሻሻ አደረግኸው ስትዪኝ የኖርሽው ነው?» አለ። ተነስቶ ከደረጃው ሥር አወጣው። ላዩ ቆዳ ሠርቷል፤ ቆዳውን ስንገፈው ሥሩ ትናንት የተገዛ ይመስላል። ሁለት ማንኪያ፣ ግማሽ፣ ለአመል ያህል። ብሩሼን ከተረፈው ቀሚስ ጎን ሳሳርፍ ድንበሩ ጠፋ። እፎይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኖራውን አንገቱን አንቄ ሳምኩት፤ እሱ ግን አሁንም ትንሽ አኩርፏል።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊው መጣ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ቀሚሱን ከወገብ እስከ ጠርዝ አየ። ጣቱን ሊያስነካ ዘረጋና ሰበሰበው።

«እማዬ» አለ። እኔም ከላዬ ሸክም የወረደልኝ ያህል አብሬው አነባሁ።

ከሰዓት አዲስ ሸራ ወጠርኩ። ቀይ ደባለቅሁና ብሩሼን እንደያዝኩ ወደ ነጩ ግድግዳ ዞርኩ። ኖራው በር ላይ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

«ልብህ ይቻለው» አልኩና ጠረግሁት።

«ወይኔ ስቱኮዬ!» አለ። ከዚያ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ መዝዞ መጣና ከጎኔ ተንበረከከ። «እሺ፣ ምን ከምን ጋር ነው?»